ደጅ ላይ የሚዘፈነው ስንኝ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም። እናቴ አታውቀውም። የነፍስ አባቴም አያውቁትም፤ ለእሳቸው ያልተናዘዝኩበት ምክንያት ራሱ የበደሉ አካል ስለሆነ ቦታው ሲደርስ እናገረዋለሁ። እስከዚያው የምታነቡት እናንተ በእሳቸው ቦታ ሁኑልኝ። መስቀሉን ግን ቶሎ አትዘርጉልኝ። መጨረሻውን ሳይሰሙ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ማለት ለተናዛዡም አይበጅም።

ኋላ እንዳላፈገፍግ ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። አንዲት እናት ልጇ ሞቶ ሳለ "ደህና ነው" አልኳት። መሞቱን አውቅ ነበር። የዋሸኋት አዝኜላት፣ ልቧ እንዳይሰበር ፈርቼ አይደለም። እንድትዘፍንልኝ ነው።

አባቴ ከጎጃም መጥቶ መቀሌ የቀረ የሙዚቃ መምህር ነበር፤ እናቴ የዚሁ አገር ሰው ናት። ያደግኩት ሓድነት፣ ብየዳ ቤቶች በበዙበት ሰፈር ነው። አባቴ ኖታን ከፊደል እኩል አስተማረኝ። አድጌም እንደሱ መምህር ሆንኩ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን የራሴን ሙዚቃ እጽፋለሁ። የምጽፈው የሚጨፈርበት ዓይነት አይደለም። ቫዮሊኑ አንዳንዴ ይንሾካሾካል፣ አንዳንዴ ያቃስታል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ዝም ይላል። ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ሓጎስ አንዱን ሥራዬን ከዳር እስከ ዳር በትዕግሥት አዳምጦ ሲያበቃ፣ "ጥሩ ነው፤ መቼ ነው የሚጀምረው?" ብሎኛል።

ሓጎስ ለአደይ ለተብርሃን አንድ ልጇ ነበር። "አደይ" እናቴ እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። ልጅነቷን ደሴ ስላሳለፈች ከአባቴም ከእኔም ጋር በአማርኛ ታወራ ነበር። አንድ ጊዜ አደግኩ ብዬ "እርስዎ" ብላት፣ "ዋይ! የቀበሌ ሰው ሆንክ እንዴ?" ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወዲህ እንደ እናቴ "አንቺ" ነው የምላት።

ሓጎስ አንድ ልማድ ነበረው። ከውጭ ሲመጣ፣ ቤት ከመግባቱ በፊት ቀኝ ተረከዙን ከደጁ ድንጋይ ጋር ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ አቧራውን ያራግፋል። ሁልጊዜ ሁለቴ። አደይ ፊቷን እንኳ ሳታዞር፣ "ግባ፣ ወደይ" ትለዋለች። ግባ፣ ልጄ ማለቷ ነው። ይህችን ነገር አትርሱብኝ።

በሰፈራችን ያለ አደይ ሰርግ አይሞቅም ነበር። ከእናቷ የወረሰችው አንድ ዘፈን አላት፤ ሙሽራው ሚስቱን ይዞ ከእናቱ ደጅ ሲደርስ የሚዘፈን ነው። የመጨረሻውን ስንኝ የምትዘፍነው ግን የሙሽራው እግር ደፉን ሲረግጥ ብቻ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ "ምሰሶው ቆሟል፣ ደጁ ተከፍቷል፤ እግርህን አንሣ፣ ቤቱ ያንተ ነው።" ለልምምድ እንኳ አትለውም። በልጅነታችን እኔና ሓጎስ ለምን ብለን ብንጠይቃት፣ "ጥሪ እኮ ነው" አለችን። "ሰው ሳይኖር ከተጠራ፣ ያልተጠራው ይገባል።"

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ ሲጠፋ ሓጎስ እንደ ብዙዎቹ ባሕሩን ሊሻገር ሄደ። ለእናቱ አልነገራትም። "ከነገርኳት እግሬ ይታሰራል፤ ስደርስ እኔው ራሴ እደውልላታለሁ" ብሎኝ ነው የወጣው። መሄዱን የነገርኳት እኔ ነኝ። አደይ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትውል ጀመር። ስትተኛም ትራሷ ሥር ነው።

በዚያው ሰሞን በአንዲት የአውሮፓ ከተማ ስለሚካሄድ የወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች ዓለም አቀፍ ውድድር አነበብኩ። የፈለጉት ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ፣ የተቀዳ የሰው ድምፅ ያለበት አዲስ ሥራ ነው። ያሸነፈው በትልቅ አዳራሽ ይቀርባል። እኔ የዕድሜው ገደብ ጫፍ ላይ ነበርኩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለእነሱ "ወጣት" አልባልም። ይህን እንደ ሰበብ አትቁጠሩልኝ። ስስቴ ምን ያህል እንደነበረ እንድታውቁት ብዬ ነው።

የማን ድምፅ እንደሚሆን ወዲያው ነው የታወቀኝ። አደይ መጀመሪያ አመነታች፤ ኋላ "ለሓጎስ ሰርግ ጉሮሮዬን ይከፍትልኛል" ብላ እሺ አለች። ከጥምቀት በኋላ ጀመርን። ብየዳው እየጮኸ መቅዳት ስለማይቻል መብራት እስኪጠፋ እንጠብቃለን። ሌላው ሰው መብራት ሲሄድ ይራገማል፤ እኔ መቅጃዬን ይዤ እሮጣለሁ። መብራት ሲሄድ ሓድነት በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። አደይ ከምሰሶው አጠገብ በርጩማዋ ላይ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጣለች። እኔ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ መቅጃውን እይዝላታለሁ። ዘፈኑን ሁሉ ዘፈነችልኝ። መጨረሻው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን አፏን ገጥማ ራሷን ትነቀንቃለች። ለመንኳት። "ሲመጣ" አለችኝ።

ያለዚያ ስንኝ ሙዚቃዬ ሙሉ አይሆንም ነበር። አራቱ መሣሪያዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያዘግሙት ወደሱ ነው። ስሙን እንኳ "ደጅ" ብዬዋለሁ። ደጅ ደርሶ የማይገባ ሙዚቃ ለማን እልካለሁ?

አስተርእዮ ማርያም ካለፈ በኋላ ባለው ሰሞን ከማላውቀው ረጅም ቁጥር ተደወለልኝ። ደዋዩ ከሓጎስ ጋር የተሻገረ የመንገድ ጓዱ እንደሆነ ነገረኝ። "ሓጎስ ዐርፏል" አለኝ። "ታሞ ነው። የማርያም ዕለት፣ ጠዋት። በእጃችን ቀበርነው፣ ዝሓወይ፣ ወንድሜ። ቁጥርህን ቀበቶው ላይ ጽፎት አገኘን። ለእናቱ በሥርዐቱ አስነግርላት፤ አርባው ሳይደርስ።" ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ቁጥሩ አልሠራም፤ እስከ ዛሬም አይሠራም።

አርባው ሳይደርስ። አርባ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የነፍስ ማደሪያዋ የሚለይበት፣ ፍትሐት የሚደረግበት፣ ሟች በክርስትና ስሙ የሚጠራበት ቀን መሆኑን አውቅ ነበር። መርዶ እንዴት እንደሚነገርም አውቅ ነበር፤ ለነፍስ አባት ሹክ ይባላል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ተሂዶ ይረዳል። በእኛ ከተማ ይህን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም። ታዲያ ያን ቀን ወደ ነፍስ አባቴ ያልሄድኩት ምን ይዞኝ ነው? አለቀስኩ፤ እውነት ነው፣ ለጓደኛዬ አለቀስኩ። እንባዬን ሳልጠርግ ግን ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ልጇ የሞተባት እናት አትዘፍንም።

ለራሴ ሰበብ ሠራሁ። ጾሙ ከገባ በኋላ እንደሁ አትዘፍንም፤ እስከ ቅበላ ብቻ ልቆይ አልኩ። ከዚያ ወዲያውኑ እነግራለሁ፤ አርባው እንደሆነ ገና ነው አልኩ። ያን ዓመት ጾሙ ዘግይቶ ነበር የሚገባው። ሓጎስን እኔው ገድዬው ቢሆን እንኳ ከዚህ የበለጠ ረጋ ብዬ አላሰላም ነበር።

በቅበላው ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ሄድኩ። አደይ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። መቅጃውን ከፍቼ፣ ዐይኖቿን ሳላይ፣ "አደይ፣ ሓጎስ ደወለልኝ" አልኳት።

እልል ትላለች ብዬ ነበር። እጇን ምሰሶው ላይ አሳርፋ፣ "ለአንተ?" አለች። ይህን ብቻ።

"መስመሩ አስቸግሮት ነው። ደህና ነው። የመጨረሻዋን ስንኝ እናቴ ትዝፈንልኝና ቀድተህ አቆይልኝ አለኝ።"

"ሓቂ ድዩ? እውነት ነው?"

"ማርያምን!" አልኳት።

በማርያም ማልኩ። የሞተው በማርያም ዕለት መሆኑን እያወቅኩ በማርያም ማልኩ።

አደይ ዘፈነች። ድምፅዋ እንዲያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም፤ ዝቅ ብሎ ጀምሮ መሬት ለመሬት ወደ በሩ የሚሄድ ይመስል ነበር። "እግርህን አንሣ፣ ቤቱ ያንተ ነው" ብላ ጨረሰች። ጸጥታው ቆየ። ሰፈሩ ውስጥ ውሻ እንኳ አልጮኸም። ከዚያ ከጀርባዬ፣ ከደጁ ድንጋይ ላይ፣ መታ መታ የሚል ነገር ሰማሁ። ሁለቴ። አደይ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና፣ ተራ ነገር እንደምትናገር ሰው፣ "ግባ፣ ወደይ" አለች።

አልዞርኩም። የበሩ መጋረጃ ማጅራቴን ሲነካኝ ተሰማኝ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። ወዲያው መብራት መጣና ብየዳ ቤቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ስዞር ማንም የለም። አደይ ዐይኗን በነጠላዋ እየጠረገች፣ "የጎረቤት ልጅ መሰለኝ" አለችና ተነሥታ በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔም የጎረቤት ልጅ ነው አልኩ። ዛሬም እንዲያ ብል ደስ ይለኛል።

ቤት ሄጄ ባዳምጠው ሁለቱ ምቶች ተቀድተዋል። ላጠፋቸው ሞከርኩ። እነሱን ባነሣሁ ቁጥር የስንኙ መጨረሻ አብሮ ይበላሻል፤ አንድ ላይ የተፈተሉ ይመስላሉ። ተውኳቸው። እንዲያውም፣ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ለሙዚቃው ጥሩ ሆነው አገኘኋቸው። አራቱ መሣሪያዎች እዚያ ቦታ ላይ ትንፋሻቸውን ይዘው ዝም እንዲሉ አድርጌ ጻፍኩት።

ጾሙ ገባ። "ወዲያውኑ" ያልኩት ቀረ፤ መጀመሪያ ልጨርስ አልኩ። ሥራውን የላክሁት ዕለት ምን ቀን እንደሆነ ያኔ አልቆጠርኩም። ኋላ ስቆጥር አርባው ነበር። ሓጎስ በክርስትና ስሙ መጠራት በነበረበት ጠዋት እኔ የራሴን ስም በላቲን ፊደል እየጻፍኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ነፍስ አባቴ የሄድኩት። እሳቸው የአደይም ነፍስ አባት ናቸው። "ሓጎስ ማረፉን ሰማሁ" አልኳቸው። "መቼ ነው ያረፈው?" አሉኝ። እዚያ ላይ ሁሉንም ማቃናት እችል ነበር። ግን የማርያም ዕለት ካልኩ፣ በቅበላ የደወለልኝ ማን ሊሆን ነው? "ከትናንት ወዲያ" አልኳቸው። ለሞተ ሰው የመሞቻ ቀን ቆረጥኩለት። እሳቸውም አምነውኝ ያን ቀን ያዙ፤ ከዚያ ቀን ቆጥረው ፍትሐቱን አደረጉ፣ አርባውን አወጡ። አሁን ለምን ለእሳቸው እንዳልተናዘዝኩ ገባችሁ? በእሳቸው እጅና በእሳቸው ዕጣን ነው ውሸቴን ያስባረክሁት።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። አደይ በሩን ከፍታ ሽማግሌዎቹንና መስቀሉን ስታይ መርዶ መሆኑን ለማወቅ ቃል አላስፈለጋትም። እነሱን ግን አላየችም። በመካከላቸው አልፋ እኔን አየችና፣ "ደህና ነው አላልከኝም?" አለች።

"ያኔ ደህና ነበር" አልኳት።

ሰዉ ሁሉ ለእኔም አለቀሰልኝ። ጓደኛው ነው፣ ድምፁን የሰማ የመጨረሻው ሰው ነው እያሉ ትከሻዬን ያዙኝ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ የክብር ቦታ ተሰጠኝ።

ውድድሩን አሸነፍኩ። ዳኞቹ ከመጨረሻው ስንኝ በኋላ ስላለው ጸጥታ አብዝተው ጻፉ። ቪዛው ስላልደረሰልኝ ዝግጅቱን የተከታተልኩት እንዳ ኢየሱስ አካባቢ በሚኖር ባልደረባዬ ቤት፣ በኢንተርኔት ነው። የአደይ ድምፅ ያን የሚያህል አዳራሽ ሞላው። አራቱ ተጫዋቾች ቀስታቸውን አንሥተው ዝም አሉ። መታ፣ መታ። የኋላ ተቀማጮች ፊታቸውን ወደ በሩ ሲያዞሩ በካሜራው ታየኝ። የአዳራሹ አስተናጋጅ፣ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው ብላ መሰለኝ፣ በእግሯ ጣቶች እየተራመደች ሄዳ በሩን ከፈተች። ውጭውን አየች። ከዚያ፣ ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፣ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ወደ ጎን ዘወር አለችና በሩን መልሳ ዘጋች። ባልደረባዬ "እንዴት ያለ ጭብጨባ ነው!" እያለ ያቅፈኝ ነበር። እኔ ዐይኔን ከተዘጋው በር ላይ አላነሣሁም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ እያደር ከበደ። አደይ በየዓመቱ የልጇን ሙት ዓመት እኔ በቆረጥኩት ቀን ታወጣለች። ድንኳኑን የምተክለው፣ ካህናቱን የምጠራው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን አደይ ታለቅሳለች፣ ትመርቀኛለች፣ ሌላ ነገር የለም። በአስተርእዮ ማርያም ግን፣ ምንም በማታውቅበት በዚያ ቀን፣ ጠዋት ተነሥታ በርጩማዋን ወደ ደጁ ታዞራለች። አቧራው ቤቱን እየሞላው በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። "ዛሬ ምንድን ነው? ደጁ ከበደኝ" ትላለች። በየዓመቱ። ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ አጠገቧ ተቀምጬ ዝም እላለሁ። ሰው ሳይኖር አስጠርቼ እኮ ነው። የገባው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሓጎስ ከሆነ ግን ስሙን የሚጠራለት አጥቶ ደጁ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ዘንድሮ አደይ ታመመች። ዓይደር ሆስፒታል ቆይታ፣ ቤቴ ልሙት ብላ ተመለሰች። በአስተርእዮ ማርያም ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋን ወደ በሩ አዙረውላት አገኘሁ። እጄን ያዘችኝ።

"ወደይ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለቄሱም አልተናገርኩት" አለችኝ። "በልጄ ላይ ቂም አለኝ።"

"በሓጎስ?"

"ሳይነግረኝ ሄደ፣ ይሁን። ልጅ ነው። ግን ደወለ እኮ። ለአንተ ደወለ። ስልኩን ታቅፌው ስተኛ፣ ለእኔ አልደወለም።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "ስንገናኝ አልስመውም። መጀመሪያ እጠይቀዋለሁ። እንታይ፣ ምን በደልኩህ፣ እለዋለሁ።"

ፈገግ ልትል ሞከረች። እኔ እጄን ከእጇ አውጥቼ ውኃ ላምጣልሽ ብዬ ወጣሁ። ደጁ ድንጋይ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ይኸው በደሌ። ድምፅዋን ለሙዚቃዬ ወሰድኩ፤ አርባውን ከጓደኛዬ ወሰድኩ፤ ሁሉም አልበቃ ብሎኝ የሞተን ልጅ ለእናቱ በደለኛ አደረግኩት። አደይ ልትሞት ነው፤ ይዛው የምትሄደው ቂም ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። ሓጎስ በዚያ ሲጠብቃት፣ ያላደረገውን ሲጠየቅ ምን ብሎ ይመልስላታል?

ዝም ብትል ይሻላል የምትሉኝ ትኖራላችሁ። "ዘፍኚልኝ አለኝ" የሚለውን ቃል ከልጇ የቀረላት ብቸኛ ነገር አድርጋ ይዛዋለች፤ እሱንም ልቀማት ነው። አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ እያወቅኩ ዝም ብያለሁ፤ ከእንግዲህ እያወቅኩ ልናገር። ነገ ጠዋት መጀመሪያ ነፍስ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ከዚያ እሳቸውን ይዤ አደይ ዘንድ። ሁለተኛ መርዶ ነውና በሥርዐቱ ይነገር።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ልትሰጡኝ የምትችሉት ነገር ካለ ለሓጎስ ስጡት። የክርስትና ስሙ ገብረ ማርያም ነው። ያረፈው በአስተርእዮ ማርያም ነው። በዚያ ቀን አንድ ጊዜ ጥሩት።

ለአደይ የምላትን ስለማመድ ሰነበትኩ። ሰበብ ያለበትን ሁሉ እያወጣሁ ስጥል፣ ስጥል፣ የቀረችኝ ይህች ናት፦ አደይ፣ ስሚኝ፣ ሓጎስ ለእኔም አልደወለም።